ስለ ጤናማ እንቅልፍ ለተሰጠን ምክር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ወላይታ ሶዶ
ግንቦት 1998 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ፣ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት፣ ከቤተሰብዎ ጋር፣ እንቅልፍዎን ጠግበው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኩለ ሌሊት እየነቃ ለሚቸገር ነዋሪ በእሑዱ ስብሰባ ላይ የሰጡንን ትምህርት በቤቴ እንዴት እንደተገበርነው ሪፖርት ማቅረብ የዜግነት ግዴታዬ መስሎ ታይቶኛል።

1ኛ. ማታ ማታ ቡና አትጠጡ ብለውናል። ትተናል፤ ባለቤቴ ናጂያማ እራቷንም ጨምራ ትታለች። አላህ ይስጥልን።

2ኛ. መኝታ ቤታችሁ ጨለማና ጸጥ ያለ ይሁን ብለዋል። ጨለማውስ ሞልቶናል። ጸጥታውን በተመለከተ ግን፣ በእርስዎ ትእዛዝ ሰፈር ለመጠበቅ ተራ የደረሳቸው ሮንዶች ሌሊት በየበሩ እያንኳኩ «አላችሁ?» ይሉናል፣ እኛም «አለን» ብለን እንመልሳለን። ባለፈው ኅዳር አንድ ሌሊት የጠራን የጎረቤታችን የቦልቴ ድምፅ ስለነበረ፣ ልጄ ጃዕፈር ሮንድ ነው ብሎ በነጠላ ጫማ ወጥቶ ከፈተ። ከቦልቴ ኋላ የቆሙት ታጣቂዎች «ለጥያቄ ነው፣ ጠዋት ይመለሳል» ብለው ወሰዱት። የትኛው ጠዋት እንደሆነ ሳንጠይቅ መቅረታችን የእኛ ጥፋት ነው። ከዚያ ወዲህ ከበዴሳ እስከ ቤሌ ያልጠየቅሁበት በር የለም።

3ኛ. ከነቃችሁ አትገላበጡ፣ ተነስታችሁ ተቀመጡ ብለዋል። ናጂያ ከበሩ ሥር ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋላዋ። ሮንዱ ሲመጣ «አለን» እላለሁ፤ በየሌሊቱ መንግሥትን መዋሸቴ ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የሮንዱ ተራ የቦልቴ ሲሆን መልሴን ሳይሰማ ያልፋል፤ ሚስቱ እንደምትለው እሱም እንቅልፍ የለውምና ትምህርቱ ይድረሰው።

4ኛ. አንዳንድ ሌሊት ቦልቴ ካለፈ በኋላም በሩ ይንኳኳል። ሁለታችንም እንሰማለን። ስንከፍት ማንም የለም። ይህን ያዘዙት እርስዎ ከሆኑ ያሳውቁን፤ ካልሆኑ ደግሞ፣ ክቡርነትዎ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ቤቴን በር ፈርቻለሁ።

ልጃችን ካለ አሳዩን። ሞቶም ከሆነ ንገሩን፤ አልቅሰን እንተኛለን።

እርስዎ በሰላም እንዲያድሩ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያስብልዎ፣
ታዛዥዎ ኸይሩ ሸምሱ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰን ማስጠንቀቂያ፣ ጃዕፈር የሮንድ ተራው ደርሶ ስላልወጣ እንደሚቀጣ ተገልጾልናል። ያለበትን የምታውቁት እናንተ ናችሁና ማስጠንቀቂያውን መልሼ ልኬዋለሁ፤ ለራሱ ይስጡልኝና መቀበሉን ያስፈርሙልኝ። እናቱ ፊርማውን ታውቀዋለች።