ስለ ትልልቅ ፊደላት ፈተና አውጥቼ ከፈተናው ስለመቅረቴ

ለተከበሩ የአስተዳደር ክፍላችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የደም ግፊትዎ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ከፍ እንዳይል ከልቤ እመኛለሁ። ደብዳቤውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ በእጅዎ የሰጠኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች «ይታያል» ተብሎባቸው ስለቀሩ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ተመርቄ በጊዜያዊ ሠራተኛነት የመጣሁ ሰሞን፣ ቢሮው በእንግሊዝኛ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ የሚከበር ነገር ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምር ነበር፤ ስብሰባው፣ ወንበሩ፣ የእርስዎ የዓመት ዕረፍት ሳይቀር። አንድ የውጭ ድርጅት በትልቅ ፊደል የጻፍነው የሰው ስም መስሎት «ለተከበሩ አቶ አስቸኳይ ጉዳይ» ብሎ መልስ የጻፈልን ጊዜ እርስዎ አልሳቁም፤ እኔን አስጠሩኝ። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የሰውና የቦታ ስም፣ ቀናትና ወራት በትልቅ ፊደል እንደሚጀምሩ፣ ማዕረግ ግን ከስም ፊት ሲቆም እንጂ በየሄደበት እንደማይተልቅ፣ በሁለት ገጽ አዘጋጅቼ ለሠራተኛው ሁሉ አስተማርኩ። እርስዎም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ ቦታው ሲለቀቅ ካንቺ ሌላ ለማን ሊሆን ነው» አሉኝ። ለዚህ አባታዊ ቃል እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ አቤቱታዬም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

፩. የቋሚ ጸሐፊነቱ ቦታ ሲለቀቅ የፈተናውን ጥያቄ እንዳወጣ አዘዙኝ። በመታመኔ ደስ ብሎኝ፣ ሣሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ፣ ሠላሳ ጥያቄ ከነመልሱ አስረከብኩ።

፪. ለመመዝገብ ስቀርብ፣ ፈተና ያወጣ ሰው መፈተን እንደማይችል የሚደነግገውን መመሪያ በትሕትና አሳዩኝ። መመሪያው ትክክል ነው፤ አልከራከርም። ብቻ ጥያቄ አውጪ ባሉኝ ቀን ይኸው መመሪያ መሳቢያዎ ውስጥ ዓመት አልፎት ነበር። እናቴ ግን ያን ዕለት ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ቋሚ ሆነችልኝ» ብላ አዳርሳለች፤ ወሬውን ከየቤቱ መልሳ ስትለቅም እንድትውል ስላደረጉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫. ከሠላሳው ሠላሳውን ስላገኘው የእህትዎ ልጅ፣ እንኳን ደስ አለዎት።

እንግሊዝኛ «እኔ» የሚለውን ቃል የትም ቢቆም በትልቅ ፊደል ይጽፈዋል፤ «አንተ»ንና «አንቺ»ን ግን በትንሹ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ሥር ሠርቼ ነው ነገሩ የገባኝ።

የምለምንዎ ነገር አንድ ነው፦ ፈተናው ሌላ ሰው ባወጣው ጥያቄ ይደገም፤ እኔም እንደማንኛውም ሰው ልቀመጥ። ብወድቅ ቃል ስለገቡልኝ አልወቅስዎትም።

ከቃልዎ በስተቀር ሁሉን ነገርዎን የማምን፣
እስከ መጪው ዓርብ ጊዜያዊ ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ የወቅት ስሞች፣ በጋ እና ክረምት፣ በትልቅ ፊደል ይጀምሩ እንደሆነ ይጠይቃል። አይጀምሩም፤ እኔ ግን በጥድፊያ የመልሱ ወረቀት ላይ «ይጀምራሉ» ብዬ ጽፌ ኖሯል። የታረሙትን ወረቀቶች ፋይል እንዳደርግ ሲሰጡኝ እንዳየሁት፣ ከአሥራ አራቱ ተፈታኞች አሥራ ሦስቱ ይህን ጥያቄ በትክክል መልሰው ዜሮ ተሰጥቷቸዋል። ከእኔ ጋር የተሳሳተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእህትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።