ሁለተኛው ማጉያ መነጽር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ለምወድህ ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሳልህስ ተሻለህ? እኔና ልጆቹ ደህና ነን። ቦቲ ጫማና የእጅ ጓንት እየተሸጠልኝ ነው፤ ሱቁ አላሳፈረኝም።

ምክር የጠየቅከኝን ነገር አስቤበታለሁ። ኩባንያው ከማዕድን ማውጫው ሥር የሚደረገውን የፍለጋ ቁፋሮ ሊያቆም ነው። እንዳይቆም ከፈለጋችሁ እናንተ ቆፋሪዎች ለአንድ ዓመት በግማሽ ደመወዝ ትሠራላችሁ፤ ወርቅ ከተገኘ ድርሻ ታገኛላችሁ። "ጂኦሎጂስቷ ወርቁ እዚያ መሆኑን አትጠራጠርም" ብለሃል። እሷ የማትጠራጠረውን ሁሉ ስትጽፍልኝ ነው የከረምከው።

ትናንት ወንድምህ ካንተ ዘንድ ሲመጣ ፎቶ አሳየኝ። ከጉድጓዱ የወጣው የድንጋይ ናሙና በሳጥን ተደርድሯል፤ አንተና እሷ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥማችሁ አጎንብሳችኋል።

"ድንጋይ እያዩ እኮ ነው፣ እትዬ" አለኝ።

"ድንጋይ ለማየት ይህን ያህል መጣበቅ ምን አመጣው?"

"ማጉያ መነጽሩ አንድ ብቻ ነዋ! ኩባንያው ወጪ ቀንሷል።"

"መቀነሻ ያገኘው ከመነጽሩ ላይ ነው?"

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"ተወውና ና" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። ምክንያት አጥቼ አይደለም፤ ከምትቆፍሩት አብዛኛው ባዶ እንደሚወጣ ራስህ ነግረኸኛል። ግን በሸቀጥ ዋሽቼ አላውቅም፣ ባንተም አልጀምርም። ከምድር ላይ ሲቆፈር መሰርሰሪያው ሩቅ ይሄዳል፣ ይጣመማል፣ ካሰቡበት አይደርስም። ለዚህ ነው እታች ድረስ የሚያወርድ ዋሻ የሚሠራው፤ ዋናው ወጪም እሱ ነው። ዋሻው ደግሞ አልቋል። ከዚያ ሆኖ ለመሞከር የሚቀረው ወጪ ትንሽ ነው፣ ከተገኘ የሚመጣው ብዙ። አሁን ማቆም ሱቅ ሠርቶ ዕቃ ሳያስገቡ መዝጋት ነው። ድርሻችሁን በጽሑፍ ካደረጉላችሁ ፈርም። ሴትዮዋ ሥራዋን ታውቃለች። ይህቺን መስመር ለመጻፍ ስንት እንደታገልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በወንድምህ እጅ ማጉያ መነጽር ልኬልሃለሁ፤ ከሱቄ ካለው ሁሉ ጥሩው ነው። ከእንግዲህ እሷ በራሷ፣ አንተ በራስህ እዩ።

እኔም ከሩቅ ሆኜ መቆፈሩ አላዋጣኝም። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን እናቴ ዘንድ ትቼ፣ ቦቲ ጫማ ጭኜ እመጣለሁ። የጓደኞችህን የእግር ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ። የሷን ግን እዚያ ውስጥ እንዳላይ፤ ካወቅከውማ ሌላ ጉድ ነው። እኔው መጥቼ እለካታለሁ።

በሰላም ያውርድህ፣ በሰላም ያውጣህ።

ያንተው፣
ባለሱቋ