ከፖስታው ጀርባ የጻፈችው አድራሻ

እትዬ ሴትሱዮ፣ ሰላምታውን ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር በይኝ። ዛሬ ጠዋት ገና ለቁርስ ሳንቀመጥ ልጄ ቺዙሩ ደወለች። ባሏ ታትሱሮ አግኝቷታል። አንድ ካርቶን መንደሪን ይዞ የምትኖርበት ፎቅ ደረጃ ስር ቆሞ በመስኮት አየችው። ለጎረቤቶቿ "ልጄን ሰላም ልል ነው የመጣሁት" እያለ ይስቅላቸዋል። ልጇን ኮሃናን በጓሮ በር አውጥታ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ከባቡር ጣቢያ ነው የደወለችልኝ።

አሁን ልጠይቅሽ፤ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ሳኦ ፓውሎ ሙቀቱ ገባ? እኛ፣ እንዳልዋሽሽ፣ ደህና አይደለንም። ባለቤቴ ኪኑኮ ከጠዋት ጀምሮ ከስልኩ አጠገብ አልተነሳችም።

ነገሩን በተራ በተራ ልንገርሽ፣ አለዚያ ይምታታብኛል። ታትሱሮ ክንዷን ከሰበራት በኋላ ቺዙሩ ከቤቱ ወጥታ ለፍቺና ለካሳ እንደከሰሰችው ታውቂያለሽ። ፍርድ ቤቱ አድራሻዋ እንዲሰወር ፈቀደላት። መዝገቡ ላይ የቤቷ ቦታ "ምትክ አድራሻ" ብቻ ነው የሚለው። የሱ ጠበቃ ልየው ብሎ አመለከተ፣ ተከለከለ። ጠበቃዋ ወይዘሮ ኢጋራሺ "ይሄን በር ማንም አይከፍተውም" ብላን ነበር። እውነቷን ነው፣ በዚያ በኩል ማንም አልከፈተውም።

የከፈተው የእናታችን ለቅሶ ነው። ቺዙሩ እንደ ወጉ የሐዘን ገንዘቧን በፖስታ አድርጋ ከጀርባው ስሟንና አድራሻዋን ጻፈች። አድራሻ የሌለው ፖስታ መስጠት ነውር መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የመልስ ስጦታው ወዴት ይላካል? እጇ ለምዶት ነው እንጂ አስባበት አይደለም። የዚያን ቀን ደግሞ በር ላይ ፖስታ የመቀበሉ ተራ የአቶ ኩማጋይ ነበር፤ የታትሱሮ አጎት፣ ሽማግሌ ሆኖ ያጋባቸው ሰውዬ። እንዴት ዝም አላችሁ ትይኛለሽ። የሰፈር ተራ በምን ይከለከላል? ለመከልከል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብን ነው፤ እኛ ደግሞ አፍረን ለሰፈሩ "ለሥራ ሄዳ ነው" ብለናል።

ከቺዙሩ ስልክ በኋላ ኩማጋይ ቤት ሄድኩ። ሻይ ቀዳልኝ። ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር "እኔ ነኝ የነገርኩት" አለኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ሲጋቡ ጠርታችሁ ከላይ አስቀመጣችሁኝ፤ ሲጣሉ ግን ወሬውን የሰማሁት ከዓሣ ሻጩ ነው። ላስታርቅ ብዬ ነው። መንደሪኑንም እኔ ነኝ የገዛሁለት፣ ባዶ እጁን እንዳይሄድ።" ክንዷን እንደሰበራት ነገርኩት። ስኒውን አስቀምጦ "ታዲያ ይሄን ማን ነገረኝ?" አለ።

ፖሊስ ሲደርስ ታትሱሮ ሄዷል፤ ካርቶኑን በሯ ላይ ትቶታል። ወይዘሮ ኢጋራሺ ደግሞ ትእዛዙ እንደጸና ነው አለችን፤ በመዝገቡ ላይ አድራሻዋ ዛሬም የተሰወረ ነው። ቺዙሩ ግን ክሱን ልተወው እያለች ነው። ለኪኑኮ "እማዬ፣ ፍርድ ቤት ቢደብቀኝ አገር ቤት ያወጣኛል" አለቻት። ከእንግዲህ የምትገባበትን ቤት ለኛም አትነግረንም። ስልኳንም ልትቀይር ነው። አልፈርድባትም። እኔም ብሆን የማውቀውን ነገር ማን ፊት እንደምጥል አላውቅም።

ለባልሽ ለሺገካዙ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለሮቤርቶ፣ ለማሪሳም፣ ለሕፃኑም። ኪኑኮ ትስምሻለች። ለቺዙሩ ደብዳቤ እንዳትጽፊ፤ የሚደርስበት የለም።

ወንድምሽ ያሱኖሪ
ጹባሜ፣ ኒጋታ
ኖቬምበር 18 ቀን 2024

የረሳሁት፦ የእናታችን የሐዘን አርባ ዘጠኝ ቀን ስላለፈ የመልስ ስጦታውን፣ ሻይና ፎጣውን፣ ለሁሉም ልከናል። የቺዙሩን ዛሬ ልልክ ትናንት አሽጌው ነበር። ያልተመለሰላት እሷ ብቻ ናት።