በጓሮ ክፍሌ ያሉት መምህር

ሰኞ

ዛሬም እራቱን ሳይነካ መለሰው። ጠግቤያለሁ ይላል። ምን በልቶ ይሆን የጠገበው? ቅዳሜ ከመጣ ጀምሮ ደረቅ እንጀራ ብቻ ነው የሚቆርሰው።

ራጄሽ ሕንዳዊ ነው። ከከተማው በታች ለተቆፈረው ጉድጓድ የውሃ ፓምፕ ሊተክል መጥቶ የጓሮ ክፍሌን ተከራየ። አዲስ አበባ ብዙ ስለቆየ አማርኛ አያቅተውም። ሥጋም እንቁላልም አልበላም ሲለኝ ደስ አለኝ። የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ አንድ ድስት ለሁለታችን ይበቃል አልኩ። ድንች ወጥ ሠራሁ፤ ቀዩንም ነጩንም ሽንኩርት ሳልሰስት። በከተማችን በዘመሮ በወጥ የሚያማኝ የለም። ጎረቤቴ ብርነሽ ግን እጅሽን ተጸይፎ ነው አለችኝ። ከዚህች ሴት ጋር አንድ ቀን እንጣላለን።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሉን ልጥረግለት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ፎቶ አለ። ከሲታ ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ለብሰዋል፣ አፋቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነዋል፣ በብብታቸው ለስላሳ መጥረጊያ ይዘዋል። ከፊታቸው ጥቂት የሩዝ ፍሬ ተቀምጧል። ደነገጥኩ። ከግድግዳው ማዶ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ጣዖት ይሆን? ዓርብ የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። ቢያዩ ምን ይሉኛል?

እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ከዚያ የተማሪ ደብተር አርሜ ድስት ስጥድ ይመሻል። ዛሬ ሽሮ ነበር። እሱንም መለሰው።

ረቡዕ

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጣ። ራጄሽ ሥራ ላይ ራሱን አዙሮት ወድቆ፣ ሠራተኞቹ ደግፈው ጥላ ሥር አስቀመጡት። «እትዬ አስካለ፣ ሰውዬውን ምን እያበሉት ነው?» አለኝ ተማሪዎቼ ፊት። ፊቴ ጋለ። እንዲህ ከቀጠለ ዓርብ መኪና ተልኮ መሐል ሜዳ ከተማ ሆቴል ይገባል አሉ። የዘመሮ ሰው የሚለውን አውቀዋለሁ፤ አስካለ እንግዳ አስርባ አባረረች ነው የሚባለው።

አመሻሹ ላይ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። አቀርቅሮ ነገረኝ። በእምነታቸው ከመሬት ሥር የሚወጣ ነገር አይበሉም። ተክሉን ከነሥሩ መንቀል መግደል ነው፤ አፈሩ ውስጥ ያለችውም ነፍስ ትጎዳለች። ፀሐይ ከገባች በኋላም አይበሉም፤ በጨለማ ትንኝ ወጡ ውስጥ ብትወድቅስ?

የእኔ ሙያ እንግዲህ፦ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ያውም በጨለማ። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው እንባዬ። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው፣ «ደክመው ሠርተው እንዴት ልናገር?» አለኝ።

የፎቶውንም ጠየቅሁት። መምህሩ ናቸው፤ አርፈዋል። የሀብታም ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሆነው በወጣትነታቸው ሁሉን ትተው መነኑ። ዕድሜ ልካቸውን መኪና ሳይሳፈሩ፣ በባዶ እግራቸው ከመንደር መንደር ዞሩ። ትንኝ እንዳይውጡ አፋቸውን ይሸፍናሉ፣ ጉንዳን እንዳይጨፈልቁ የሚቀመጡበትን ይጠርጋሉ። ጸጉራቸውን በእጃቸው ይነጩ ነበር። ከራጄሽ እናት ደጅ ሳህን ይዘው ይቆማሉ፤ ምግቡ የሚሆናቸው ካልሆነ ምንም ሳይሉ ይሄዳሉ። ሲያረጁ እህሉን ቀስ በቀስ ትተው በጸሎት ላይ ሳሉ አረፉ። ዝም ብሎ መራብን ከማን እንደተማረ ገባኝ።

«አምላክ አይደሉም» አለኝ፣ «መንገድ ያሳዩን ናቸው።»

ዓርብ ያረፉበት ቀን ስለሆነ ከፈላ ውሃ በቀር አይቀምስም። መኪናው የሚመጣውም ያን ዕለት ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ጓዳዬን አገላበጥኩ። ሽሮው ነጭ ሽንኩርት አለበት። በርበሬውም አለበት። ተስፋ ልቆርጥ ስል ገብሱ ታወሰኝ። የመንዝ ልጅ ሆኜ በሶ እረሳለሁ? በጨውና በውሃ አሸሁለት፤ የአተር ክክ በቃሪያ ብቻ ቀቀልኩ።

ሰዓቱስ? እኔ ከዘጠኝ በፊት አልበላም፣ እሱ ከአሥራ ሁለት በኋላ አይበላም። አሥር ተኩል ላይ ከሥራ አስጠራሁትና ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን በላን። ደግሞ አስጨመረ። ብርነሽ በአጥሩ ቀዳዳ አይታለች። ትይ እንግዲህ።

ዓርብ

አባ መጡ። ሳልጠየቅ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፎቶው ፊት ቆመው አተኩረው አዩ። ጫማ አያደርጉም ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አያደርጉም አልኩ።

«አንቺ አትስገጂላቸው። የሰውን አባት ግን ከቤትሽ አታስወጪ» አሉኝ። የራጄሽን ክፍል ዘለው ሌላውን ቤት ረጩ።

ተቀምጠን ሳለ መኪናው ደረሰ። ሊቀመንበሩ ዛሬም እንዳልበላ አይቶ ራጄሽን ከጉድጓዱ ይዞት መጥቶ ዕቃህን አውጣ ይለዋል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። እንዲቀር ልለምነው አማረኝና አፈርኩ። ያን ሁሉ ቀን አስርቤው በምን አፌ?

አባ ከወንበራቸው ተነሡ። ለወረዳው አስተዳዳሪ እንኳ አይነሡም። መስቀላቸውን አላቀረቡለትም፤ ቦታቸውን ግን ለቀቁለት።

«ጾመኛ ነው፤ ይቀመጥ» አሉ።

ራጄሽ ተቀመጠ። ለሊቀመንበሩም «ሆቴል አልሄድም። ነገ ጠዋት የምበላው እትዬ ቤት ነው» አለው። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ደስታዬ እንዳይታይብኝ ጓዳ ገባሁ።

አሁን አንድ ነገር አሳስቦኛል። ጾሙን የሚፈታው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ የእኛ አገር ጉም ደግሞ አንዳንዴ እስከ ረፋድ አይገለጥም። ፀሐይዋ መውጣቷን በምን እናውቃለን? ልጠይቀው ሄጄ ነበር፣ ተኝቷል።