ቀይ ቀለምን ላገዱት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለክቡር የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ በመስታወቱ ክፍል ግድግዳ ላይ እንዳሰቀሉት ትልቅ ስክሪን ዘወትር አረንጓዴ ይሆንልዎ ዘንድ እመኛለሁ። ውስጡ እንዴትም ቢሆን፣ ከውጭ ለሚያየው አረንጓዴ ይሁን።

እኔ የሳይበር ደኅንነት ክትትል ቡድን ኃላፊ ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር በሕዝብ ግንኙነት ባልደረባዎ «እትዬ፣ ለጊዜው ዕቃ ክፍል ቢቆዩልን» የምባለው፣ ሹራቤ ከመስታወቱ ጋር የማይሄደው ሴትዮ ነኝ። ሥራችን የደንበኞቻችንን ኮምፒውተሮች ከሩቅ እየተከታተልን ሌባ ሲገባ ማየትና በሩን መዝጋት ነው፤ ባጭሩ ዘበኞች ነን። በግልጽ የምጽፍልዎ ድፍረት ኖሮኝ ሳይሆን፣ በውስጥ የላክኋቸው ማስታወሻዎች ሁሉ «ታይቷል» ተብለው ስለተመለሱልኝና ማን እንዳያቸው እስካሁን ስላልታወቀ ነው።

ጉዳዩ እንደሚያውቁት ነው። ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ በንቃቱ «ቆቁ» የምንለውን ባልደረባችንን «ማስጠንቀቂያ እያየ ዝም አለ» በሚል ከሥራ ሊያሰናብተው ነው። እኔም የቅርብ አለቃው እንደመሆኔ ጥፋቱን አረጋግጬ እንድፈርም ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦልኛል። ብዕሬን ከማንሣቴ በፊት ግን ያልከፈልኳቸው ምስጋናዎች አሉብኝ።

አንደኛ፦ ስለ መስታወቱ ክፍል አመሰግናለሁ። ድሮ በጠባብ ክፍል ታጭቀን፣ አንዱ ያየውን ለሌላው ጮኾ እየተናገረ፣ ብቻ ሌባ እየያዝን የምንኖር ተራ ሰዎች ነበርን። እርስዎ ግን ግድግዳውን አፍርሰው ድምፅ የማያሳልፍ መስታወት አስገቡልን፤ አንድ ዓይነት ጥቁር ሸሚዝ አለበሱን፤ በጉብኝት ሰዓት ከወንበር መነሣትን ከለከሉ፤ ማንም በፎቶ መሐል እንዳያልፍ በሩ ከውጭ እንዲቆለፍ፣ ስልኮቻችንም በቅርጫት እንዲሰበሰቡ አዘዙ። ዓሣ እንኳ በገንዳው ውስጥ ወደ ፈለገበት ይዋኛል። ከስክሪኑ ጎን ከአህጉር ወደ አህጉር ቀስት እየወረወረ የሚሽከረከረው የዓለም ካርታ ደግሞ ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኘ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው፤ ይህን ለእንግዶች ባለመናገር ያሳዩትን ትሕትና ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፦ ስለ ቀለሙ። «ቀይ እንግዳ ያስደነግጣል» ብለው ማስጠንቀቂያው ሁሉ በድርጅታችን ዓርማ ቀለም፣ ቀላሉ በፈዛዛ፣ ከባዱ በጠቆር ያለ አረንጓዴ እንዲሆን ወሰኑ። እኔ ሙያዬን ሰው ከጣላቸው መመሪያዎች ቅዳጅ የለቃቀምኩ በመሆኔ፣ ማስጠንቀቂያ የሚሠራው ለማስደንገጥ ይመስለኝ ነበር፤ ማማር አለበት የሚለው ገጽ ከተቀደዱት መሐል ሳይሆን አይቀርም። ቆቁ ያን ቀን «እትዬ፣ እንግዲህ ሌባ ሲገባ ግድግዳው ይለመልማል ማለት ነው» ብሎ አሳቀን። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባላል።

ሦስተኛ፦ አንድ ደንበኛ ለጥቂት ጊዜ ሥራ ቆመብኝ ብሎ ስላማረረ፣ ከእርስዎ አንደበት ፈቃድ ካልወጣ በቀር ሌባ ቢገባበት እንኳ የማንም ደንበኛ ሰርቨር ከመረብ እንዳይቋረጥ መመሪያ አወጡ። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ነበር። እርስዎ አባባሉን አሻሽለው ቅጠሉን ቢሮዎ ውስጥ ቆለፉበት።

አራተኛ፦ ስለ ጉብኝቱ ቀን፣ እኔ በተሰበሩ ወንበሮችና በፕሪንተር ቀለም መሐል ተቀምጬ ስለነበር፣ የምጽፈው ባልደረቦቼ የነገሩኝንና እርስዎ ራስዎ ያሰቀሉት ፎቶ የሚያሳየውን ነው። ነባር ደንበኛችን የሆነው የሕክምና ማዕከል ኃላፊዎች ውል ሊያድሱ መጥተው ከመስታወቱ ማዶ ከጎንዎ ቆመው ሳለ፣ የዚያው የሕክምና ማዕከል ፋይሎች ባለቤቶቹ እንዳይከፍቷቸው በሌባ እጅ አንድ በአንድ መቆለፍ ጀመሩ፤ ማስጠንቀቂያውም እጅግ ባማረ ጥቁር አረንጓዴ ግድግዳው ላይ ወጣ። ቆቁ አየው። ፈቃዱ ያለው እርስዎ ዘንድ፣ እርስዎም ያሉት ከመስታወቱ ማዶ ነበርና የተከለከለውን አደረገ፤ ተነሣ። በአንድ እጁ ስክሪኑን እያመለከተ ሌላውን ከፍ አድርጎ አወዛወዘልዎ። እርስዎም ጨዋ ሰው ነዎትና ፈገግ ብለው እጅዎን አወዛወዙለት። እንግዶቹም አወዛወዙ። መስታወቱን ሲደበድብ የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባዎ በጣቷ ወንበሩን አሳየችው፤ ፎቶ አንሺውም ሥራውን ሠራ። ያ ፎቶ በትልቁ ታትሞ «ከሠራተኞቻችን ጋር ያለን ቅርበት» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ተጽፎበት በመግቢያው አዳራሽ ተሰቀለ።

ቆቁ በመጨረሻ ሰርቨሮቹን በራሱ ሥልጣን አቋረጣቸው። ከሕክምና ማዕከሉ ፋይል ዛሬ የተረፈ ካለ በዚያች ቅጽበት የተረፈ ነው፤ ያልተረፈው ግን ብዙ ነው። የልጇን የደም ምርመራ ውጤት ልትወስድ የመጣች እናት፣ ልጇን ይዛ እንደ አዲስ መርፌ እስኪወጋ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ጠበቀች።

አምስተኛ፦ የክሱን ወረቀት ላዘጋጀው ሰው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። በአንድ ገጽ ላይ አንድ ሰው ዝም በማለቱም፣ ያለ ፈቃድ እርምጃ በመውሰዱም ሲከሰስ ማየት ሁልጊዜ የሚገኝ ዕድል አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኛ ኮሚቴ ግን የሚያባርረው ጅቡ እያለ የጮኸውን ውሻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቆቁ ጨቅላ ልጅ ያቀፈች ሚስት አለችው፤ ቤቱም በእሱ ደመወዝ ብቻ የቆመ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን «ሌባ እያየ ዝም አለ» ተብሎ የተባረረን ዘበኛ ደግሞ የሚቀጥር ቤት አለመኖሩ ነው። ሰሞኑን ወንበሩን ወደ ወንበሬ አስጠግቶ፣ «እትዬ፣ እጄን ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። እርስዎ በፎቶው ውስጥ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ቅርብ ስለነበሩ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ወረቀቱን አልፈርምም። በእኔ ስም ሌላ ሰው ሊፈርምበት ከታሰበም፣ ስሜ በምን ዓይነት አረንጓዴ እንዲጻፍ አስቀድመው ያስወስኑ።

በመስታወቱ ፊት ለሚያበራው ክቡርነትዎ፣
ከመስታወቱ ጀርባም ሳይሆን ከዕቃ ክፍሉ፣ በእግሩ ካልቆመ ወንበር ላይ ሆና የማያልቅ አክብሮቷን የምትገልጽ፣
የክትትል ቡድኑ ኃላፊ፣ ቢያንስ እስከ ሰኞ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመግቢያው አዳራሽ የነበረው ፎቶ በዚህ ሳምንት መውረዱን ባዶውን ሚስማር አይቼ ተረዳሁ። ባይደክሙ ይሻል ነበር፤ ያንኑ ፎቶ በወርቅማ ፍሬም አስገብተው ለእንግዶቹ ሁሉ በስጦታ ማበርከትዎን ረስተዋል። የሕክምና ማዕከሉ ኃላፊ ከጠረጴዛቸው ትይዩ ሰቅለውታል። ትናንት ሄጄ ከመስታወቱ ኋላ የቆመው የቆቁ ጣት ወዴት እንደሚያመለክት አሳየኋቸው፤ እሳቸውም ተነሥተው ከግድግዳው አወረዱት። ሰኞ ይዘውት ወደ ኮሚቴው ይመጣሉ። ከሩቅ እጃቸውን ቢያነሡልዎ፣ እባክዎ ሰላምታ እንዳይመስልዎ።