እንኳን ማርያም ማረችሽ

ይድረስ ለባለቤቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ትራክተሩ እያንገጫገጨ ያሳመመህ ወገብህስ ተሻለው? እኔ ማርያም ትመስገን፣ ታማም ነኝ፣ ደህና ነኝ። መተማ መሆንህን የነገረኝ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሹፌሩ ረዳ ነው። እሱን እንዳትቆጣው፣ አስጨንቄ አውጣጥቼው ነው።

ጥለኸኝ መፋዛ ከተማ ካገኘሃት ልጅ ከእየሩስ ጋር ከሄድክ በኋላ የካላዛር በሽታ ጥሎኝ እንደነበር ሰምተህ ይሆናል። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ተኝቼ፣ የሚጠይቀኝ ሁሉ እግዜር ይማርሽ እያለ ፊቱን ያዞር ነበር። ያኔ ነው ለማርያም የተሳልኩት። ካዳንሽኝ በየወሩ በሃያ አንድ እዘክርሻለሁ፣ በስምሽ ደጄ የቆመውን አልመልስም አልኩ። ማረችኝ። ምን ሠርቼላት? ምንም! አንተን ስረግም የከረምኩ ሴት ነኝ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ሰኔ ሃያ አንድ የዝክሩን ዳቦ ቆርሰን ገና ሳንቀምስ ደጃፌ ረክሻ ቆመ። እየሩስ ወረደች፣ ሆዷ ገፍቶ። እመለሳለሁ ብሎኝ መተማ ከተሻገረ አምስት ወሩ ነው፣ ዘመድ የለኝም፣ ስለ ማርያም ብለሽ አለችኝ። ስለ ማርያም! ወይ ጉድ! ከፊቴ ጥፊ ልላት ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ አፍ አፌን ያየኛል። ግቢ አልኳት። ወድጃት እንዳይመስልህ፣ ስለቴን ፈርቼ ነው።

ሐምሌ እንደገባ በእኔው አልጋ ላይ ምጥ ያዛት። ጎረቤታችን እማ ዙፋን አዋለደቻት። ሴት ልጅ። ጎረቤቱ ተራ በተራ እየገባ እንኳን ማርያም ማረችሽ አላት። እኔ ብቻ አቃተኝ። ገንፎ አገነፋለሁ፣ የልጅቷን ጨርቅ አጥባለሁ፣ ያቺ ቃል ግን አልወጣ አለችኝ። ለንስሐ አባቴ ለቄስ ባንታምላክ ነገርኳቸው። አንቺ ስትድኚ እንኳን ማረችሽ ሲሉሽ አሜን ብለሽ የለም ወይ፣ ምሕረቷ እኔ ዘንድ ሲደርስ ይቁም ነው የምትይው? አሉኝ። ደግሞ ስለቱን በዳቦ የምትጨርሺው መስሎሻል? አሉኝ። አፈርኩ። ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

መስከረም ላይ የልጅቷ ሰማንያ ቀን ሲቃረብ ክርስትና የሚያነሳት ሰው ታጣ። እየሩስ መሬት መሬት እያየች እኔን ለመነችኝ። ቄስ ባንታምላክ ለብቻዬ ጠርተው፣ በደንብ አስቢበት፣ የክርስትና ዝምድና እንደ ሥጋ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ከአባቷ ጋር ወደ ትዳር መመለሻ የለውም አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ያ ጥለኸው የሄድከው ጋቢህ አጥቤ አጣጥፌው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። የሚመጣ ሰው ይለብሰዋል ብዬ። ሦስት ቀን እህል አልበላልህ አለኝ። በአራተኛው ቀን አወጣሁት፣ ልጅቷን ጠቀለልኩበትና ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ።

ስታኮርፍ ቁርጥ አንተን ናት። ሰሊጡ እየታጨደ ነው፣ ሥራ ሞልቷል። ና። እየሩስ ትጠብቅሃለች። እኔም ደጄ የቆመውን አልመልስም ብያለሁ፣ ከአንተ በቀር አላልኩም።

ማርያም መንገድህን ታቅናልህ፣ ወገብህንም ትማርልህ።

አበልጅህ