የተከመረ እንጨት ተብላ ስለ ተመዘገበችው የስፖርት ቤቴ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ይልቁንም የእግርዎን ጤና እመኛለሁ። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ሊፍቱም ሕንፃው ከተመረቀ ጀምሮ ዕረፍት ላይ ስለሆነ፣ ጤነኛ እግር የግድ እንደሚያስፈልግዎ ይገባኛል።

እኔ በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ የምኖር፣ ከፋብሪካ በጡረታ የተገለልሁ ሽማግሌ ነኝ። አምና ስትሮክ መትቶኝ ግራ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። የምታክመኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሲና፣ በየቀኑ ካላሠራሁት ደርቆ እንደሚቀር ነገረችኝ። እኔም ቁጭ ብዬ መዋል የማልችል ሰው ነኝና ያን ዕለት ጀመርሁ። ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ሞከርሁ፤ ዝናብ ያራሰው ንጣፍ አንሸራትቶ ጣለኝ። ሳሎን ውስጥ ሞከርሁ፤ ባለቤቴ እናትዓለም ስለ ብርጭቆዎቿ ስትል አስወጣችኝ። ስለዚህ ለጓሮ ቤት ፈቃድ እንደማያስፈልግ ከራስዎ ጽሕፈት ቤት ጠይቄ፣ በጓሮዬ አንዲት የስፖርት ቤት ሠራሁ።

አሠራሯን ከስልክ ላይ አይቼ ራሴን አስተማርሁ። የባሕር ዛፍ ግንዶችን ጫፋቸውን እየጎደጎድሁ፣ አጋድሜ፣ አንዱን ባንዱ ላይ አነባበርኋቸው፤ ክፍተታቸውን በቃጫ ደፈንሁ። እናትዓለም «ደግሞ የተኛ ግድግዳ ማን አይቶ ያውቃል?» ብላ ብትስቅብኝም ቤቷ ቆማለች። ውስጧም ይዤ የምራመድባቸው ሁለት መደገፊያዎች፣ በገመድ የምስበው የአሸዋ ከረጢትና አንድ አግዳሚ ወንበር አሉ።

አሁን ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. ወጣቱ ባለሙያዎ ግሩም ቤቴን ዞሮ ከተመለከተ በኋላ «ለሽያጭ የተከመረ እንጨት» ብሎ ስለ መዘገባት አመሰግናለሁ። በአካባቢያችን የግድግዳ እንጨት ቆሞ በጭቃ እንደሚመረግ፣ የተጋደመ እንጨት ግን ገበያ የሚጠብቅ እንደሆነ እኔም አላጣሁትም። ይሁንና ለክምሩ በርና መስኮት የሚገጥም እንጨት ነጋዴ በዕድሜዬ አላየሁም። ይህንኑ ባስረዳው «አባባ፣ በሩማ እንዳይሰረቅብዎት ነዋ!» ብሎ አጽናናኝ።

፪. በዚህ ዕድሜዬ ነጋዴ ስላደረጋችሁኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ቤት ብትባል ፈቃድ የማትሻ የነበረችው፣ ክምር ስለ ተባለች ያለ ፈቃድ በመነገድ ታስከስሰኛለች። ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። ጎረቤታችን ሙሉነሽ ለልጇ ሠርግ ማገዶ ፈልጋ መጥታ የማዕዘኑን ግንድ ስትነቀንቅ ደርሼባታለሁ። ግንዱ አልተነቃነቀም፤ እሷ ግን አሁንም ቅር እንዳላት ነው።

፫. ቅሬታ ካለኝ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ራሴ እንድቀርብ፣ ተወካይም እንደማትቀበሉ ስለ ገለጻችሁልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። መጥቼ ነበር። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳልደርስ እግሬ ከዳኝና ዘበኛችሁ ደግፎ አወረደኝ። ደረጃችሁን የሚወጣ እግር የማገኝበትን ቤት አፍርሼ፣ ደረጃችሁን ወጥቼ ስለ ቤቱ እንድከራከር መወሰናችሁ ጥልቅ ምርምር የጠየቀ ይመስለኛል።

እስከ መጪው ዓርብ ክምሩን ካላነሣሁ በጭነት መኪና እንደሚወሰድ ተጽፎ ደርሶኛል። አላነሣም። ይህን የምለው ለክርክር አይደለም፤ ስወድቅ የምይዘው ነገር ያለበት ቦታ ከዚያች ቤት ሌላ ስለሌለኝ ነው። ሲና እግሬ መመለስ ጀምሯል ብላኛለች፤ እኔም ጣቶቼ ሲላወሱ ይሰማኛል። ስለዚህ ዓርብ ሠራተኞቻችሁ ሲመጡ፣ መደገፊያዎቹን ይዤ ወዲያና ወዲህ ስል ያገኙኛል። ከእንጨቱ ጋር አብሬ የምጫን ከሆነ፣ የት እንደምራገፍ አስቀድሞ ለእናትዓለም እንዲነገርልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ወንበርዎ የጸና፣ ደረጃዎ የቀለለ ይሁንልዎ እያልሁ፣ ካለሁበት ከምድር ቤት ቀና ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ገድሉ ምናሴ
የቤት ባለቤት፤ በእርስዎ መዝገብ ግን እንጨት ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ግሩም ያን የምዝገባ ወረቀት ሲጽፍ ዝናብ ስለ ጣለ፣ ከክምሩ ውስጥ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነው የጨረሰው። አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ዣንጥላውን ግን ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ እንደ ሰቀለው ረስቶት ሄዷል። ባመጣለት ደስ ባለኝ፤ ደረጃው ከለከለኝ። መጥቶ ይውሰድ። ከመግባቱ በፊት ግን እንዲያንኳኳ ይንገሩልኝ።